ግራኝ የሚለው ስም እንደ ውጊያ አቋቋም፦ የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ሕይወት ከይፋት ቆላ ሲታይ

መግቢያ

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከደጋው ብርድ ወጥቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሌላ አየርና ሌላ አገር ያገኛል። ሮቢት፣ ቀወት፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ አንጾኪያ እያለ የሚዘልቀው ይህ የቆላ መስመር በመካከለኛው ዘመን ይፋት ይባል የነበረው ሱልጣኔት ልብ ነበር። ዛሬም አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚውሉበት፣ የመስጊድ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ሰፈር የሚሰሙበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ታሪካዊ ሰው በምን ስም እንደሚጠራ ማሰብ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንደኛው ተማሪ ግራኝ የሚለውን ስም ከእናቱ የሰማው የጥፋት መጠሪያ ሆኖ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ ያንኑ ሰው ኢማም ብሎ ያውቀዋል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኢማም አህመድን ሕይወት የሚተርከው ከዚሁ ስም ተነሥቶ ነው። ግራኝ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ትርጉሙ እርግማንም ምስጋናም አይደለም፤ የውጊያ አቋቋም መግለጫ ነው። ጋሻውን በቀኝ፣ ሰይፉን በግራ የሚይዝ ሰው ከፊቱ ለቆመ ተዋጊ እንዴት እንደሚታይ ይናገራል። ቃሉ በዚህ መልክ ሲነበብ የሰውየው ሕይወት ከሰይፍ ዘመን ወደ ባሩድ ዘመን የተደረገውን ሽግግር አጉልቶ ያሳያል፤ ስሙም ከወገንተኛ ስሜት ወጥቶ ወደ ታሪክ ማስረጃነት ይመለሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከይፋት የወጣው ዙፋን

ኢማም አህመድ የተነሡት በሐረርጌ በኩል ቢሆንም የታገሉለት ዙፋን ሥሩ ይፋት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን የእስልምና ሱልጣኔት በ1285 ጠቅልሎ በይፋት ላይ ጸና። ከቀይ ባሕርና ከዘይላ የሚመጣው የንግድ መንገድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ስለነበረ የይፋት ኃይል የመንገድ ኃይል ነበር። የግመል ጭነት ወደ በቅሎ የሚዛወርበት ገንደበሎ የተባለው የገበያ ከተማ ስሙ በመንገደኞች ዘገባ ሳይቀር ገብቷል። በደጋው ግርጌ የሚገኙት የኖራና የአስባሪ የድንጋይ መስጊዶችና የመኖሪያ ፍርስራሾች በቅርብ ዓመታት በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የተጠኑ ሲሆን፣ የዚያን ዘመን የከተማ ኑሮ ዛሬም ይመሰክራሉ።

በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ዐፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን ወግተው አገሩን አስገበሩ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደሉ ልጆቻቸው ወደ የመን ተሰደዱ፤ ተመልሰውም መንግሥታቸውን ከይፋት በስተ ምሥራቅ፣ አዳል በሚባለው አገር አቆሙ። ይፋት ራሷ በክርስቲያኑ ንጉሥ ግዛት ሥር ቀረች። የወላስማ ዘር ግን አልጠፋም። በ1520 ሱልጣን አቡበክር መናገሻውን ወደ ሐረር ባዛወሩ ጊዜ በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት የእነዚያ የይፋት ሱልጣኖች ተወላጅ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኢማሙ ጦር ይፋትን ሲረግጥ የገባው ከውጭ ወደማያውቀው አገር አልነበረም፤ መነሻውን ወደሚያስታውስ ምድር ነበር።

ፈረሰኛው ወጣት

አህመድ ኢብን ኢብራሂም በ1506 ገደማ ሁበት በተባለው አገር እንደተወለዱ ይነገራል። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በገራድ አቡን ሥር በፈረሰኛነት ሲያገለግሉ ነው። የዘመቻዎቻቸውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ሺሃቡዲን አህመድ፣ በቅጽል ስሙ ዐረብ ፈቂህ፣ ፍቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ ገራድ አቡንን ፍትሐዊ ገዥ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ገራዱ በሱልጣን አቡበክር ሲገደሉ ወጣቱ ፈረሰኛ ከሱልጣኑ ጋር ተጣላ። ለበርካታ ጊዜ ሲዋጉና ሲታረቁ ቆይተው በ1520ዎቹ አጋማሽ ሱልጣኑ ተገደሉ። አህመድ ግን ራሳቸውን ሱልጣን አላሉም። ከወላስማ ወገን የሆኑትን ዑመር ዲንን በዙፋኑ ላይ አስቀምጠው እርሳቸው ኢማም በሚለው ማዕረግ ሥልጣኑን ያዙ። የይፋት ዘር ዙፋኑን፣ ፈረሰኛው ደግሞ ጦሩን ያዘ ማለት ነው።

የዘመኑን የውጊያ ባህል ለመረዳት የኢማሙ አማት የገራድ ማህፉዝ ፍጻሜ ይጠቅማል። የዘይላው ገዥ ማህፉዝ በዐቢይ ጾም ወራት ደጋውን በመውረር ለዓመታት የታወቁ ነበሩ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደተረከው፣ በ1517 ገደማ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ ማህፉዝ አንድ ለአንድ የሚገጥማቸው ሰው ጠየቁ። ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ ወጥቶ ገደላቸው። ልጃቸው ባቲ ድል ወንበራ በኋላ የኢማም አህመድ ባለቤት ሆኑ። ይህ ታሪክ የሚያሳየው ትልልቅ ጦሮች በተሰለፉበት ሜዳ እንኳ ሁለት ሰዎች በሁሉም ዓይን ፊት ቆመው የሚለካኩበት ባህል እንደነበረ ነው። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ የአንድ ተዋጊ እጅ፣ አቋቋምና የመሣሪያ አያያዝ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ይታያል፣ ይወራል፣ ስም ይወጣለታል።

በግራ እጅ የመዋጋት ትርጉም

በአገራችን የሰይፍና የጋሻ ውጊያ ልማድ ጋሻው የግራ እጅ፣ ጦሩና ሰይፉ የቀኝ እጅ ናቸው። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው ክብ ጋሻ በግራ ክንድ ይያዛል። ሰይፉ ደግሞ በቀኝ ጎን ይታጠቃል። በአውሮፓ ሰይፍ በግራ ጎን ታጥቆ በቀኝ እጅ ሰውነትን አቋርጦ መምዘዝ የተለመደ በመሆኑ የአገራችን አታጣጠቅ የውጭ ተጓዦችን ትኩረት ስቧል። የታጣቂው ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ሰይፉ በቀኝ ጎን ከሆነ የሚመዘዘው ጋሻ የያዘውን ክንድ ሳያውክ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት የታወቀው ቆልማማው ሾተልም ለዚሁ አቋቋም የተበጀ ነው፤ ጠምዛዛው ጫፉ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ከኋላው ያለውን አካል ለመድረስ ያገለግላል።

ሁለት በቀኛቸው የሚዋጉ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ የአንዱ ሰይፍ ከሌላው ጋሻ ትይዩ ይሆናል። ልምምዱ ሁሉ፣ ከልጅነት የዱላ ጨዋታ ጀምሮ፣ በዚህ አቀማመጥ ላይ የተመሠረተ ነው። በግራው የሚዋጋ ሰው ሲመጣ አቀማመጡ ይገለበጣል፤ ጋሻ ከጋሻ፣ ሰይፍ ከሰይፍ ትይዩ ይሆናሉ። በሁለቱም ሰይፎች በኩል ያለው ወገብና ትከሻ ያለ ጋሻ ይጋለጣል። በቅርጽ ደረጃ አደጋው ለሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱ ያለው በልምድ ነው። ግራኙ ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደው በቀኛቸው ከሚዋጉ ጋር ስለሆነ ይህ አቀማመጥ ለእርሱ የዘወትር ነው፤ ለባላጋራው ግን ምናልባት የመጀመሪያው ነው። አማርኛችን ለዚህ ሁኔታ የሚስማማ አነጋገር አለው፤ የሚያደርገው የጠፋው ሰው ግራ ገባኝ ይላል።

ይህ ብልጫ ከብርቅነት የሚመጣ ነው። ከሰው ልጅ በግራ እጁ የሚጠቀመው ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በዘመናችን የቦክስና የሰይፍ ግጥሚያዎች ላይ ግን የግራኞች ድርሻ ከዚህ ከፍ ብሎ ይታያል። ግራኞች ቢበዙ ሁሉም ይለምዳቸው ስለነበር ጥቅሙ በጠፋ ነበር። በሌላ በኩል አቋቋሙ ጉዳትም አለው። ተዋጊዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሚሰለፉበት ጊዜ ጋሻውን በተቃራኒ እጅ የያዘ ሰው የሰልፉን ሥርዓት ያፋልሳል፤ ሰይፉም ከጎኑ ከቆመው ወዳጅ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ግራኝነት ለእግረኛ ሰልፍ እንቅፋት፣ ከሰልፉ ቀድሞ ለሚወጣ ፈረሰኛና መሪ ግን ጥቅም ነው። ኢማሙ በወጣትነታቸው የነበሩበት ሥራ ደግሞ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ግራኝ ተዋጊ ለክርስቲያኑም ሆነ ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። በመጽሐፈ መሳፍንት እስራኤልን ነጻ ያወጣው የጌራ ልጅ ናዖድ ግራኝ ነበር፤ ሰይፉንም በቀኝ ጭኑ ላይ ሸሽጎ በመታጠቁ ጠላቱ አልጠረጠረውም። የዚህን ግራኝ መስፍን ስም የተሸከሙት ደግሞ የኢማሙ ባላጋራ የዐፄ ልብነ ድንግል አባት፣ ከ1494 እስከ 1508 የነገሡት ዐፄ ናዖድ ናቸው። በሶማሊኛም ኢማሙ ጉሬይ ይባላሉ፤ ትርጉሙ ያው ግራኝ ነው። ይህ ነጥብ ለጽሑፋችን ዋና ማስረጃ ነው። ስሙ ጠላት ብቻ ያወጣው ስድብ ቢሆን ኖሮ ወዳጅ በገዛ ቋንቋው ተርጉሞ በኩራት ባልያዘው ነበር። ከፊት የቆመውም ከኋላ የተከተለውም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ የሰውየውን እጅ።

ከሽምብራ ኩሬ እስከ አንጾኪያ

የኢማሙ የመጀመሪያ ትልቅ ድል ከዐፄ ልብነ ድንግል ጦር አዛዦች አንዱ በነበሩት በደጋልሃን ላይ በ1527 ገደማ የተገኘው ነው። በመጋቢት 1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ዋና ጦር ጋር ተጋጠሙ። ፍቱሕ አል ሐበሻ የኢማሙን ጦር 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ፣ የንጉሡን ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይቈጥራል። አሸናፊ የጻፈው ቍጥር በጥንቃቄ መወሰድ ቢኖርበትም የጦሩ ማነስና የድሉ ትልቅነት አያከራክርም። ሆኖም ከድሉ በኋላ ብዙው ሠራዊት ወደየአገሩ ተበተነ። ኢማሙ የተረዱት አንድ ነገር ነበር፤ በግል ጀግንነትና በምርኮ ተስፋ ብቻ የሚሰበሰብ ጦር አንድ ቀን ያሸንፋል እንጂ አገር አይዝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1531 ሲመለሱ ጦራቸው መድፍ ይዞ ነበር። ውጊያው የተደረገው አንቱክያ በተባለው ቦታ ነው። ይህም ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን፣ በዛሬው አንጾኪያና ገምዛ ወረዳ ያለው የአንጾኪያ አገር ነው። የመድፉ ጥይት በክርስቲያኑ ሰልፍ መካከል ሲወድቅ ጦሩ ተደናግጦ ተበተነ። ለይፋት ተመራማሪ ይህ ውጊያ ከሽምብራ ኩሬ የበለጠ ትርጉም አለው። ሽምብራ ኩሬ በዋናነት የፈረስ፣ የጦርና የሰይፍ ውጊያ ነበር። አንጾኪያ ላይ ግን ድሉን ያመጣው የአንድ ሰው እጅ ወይም አቋቋም ሳይሆን ከሩቅ የሚመጣ ድምፅና እሳት ነው። የግራኝ የሚለውን ስም ትርጉም የሚያጠፋው መሣሪያ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ውጤቱን ቀድሞ ያሳየው በራሳቸው በግራኝ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው በአገሪቱ ታሪክ ከባዱ ምዕራፍ ነው። በሐምሌ 1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አምባ ሰል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ እንደገና ተሸነፉ። በሚቀጥሉት ዓመታት ዘመቻው እስከ ትግራይ ዘለቀ፤ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸውና ከነንዋያተ ቅድሳታቸው ወደሙ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ተማረከ፣ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ይህን ጥፋት አለዝቦ መጻፍ ታሪክን ማጣመም ነው። የይፋት መስጊዶችና ከተሞች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በደጋው ነገሥታት ዘመቻ የደረሰባቸውን ቃጠሎ ሳያነሡ መጻፍም እንዲሁ ነው። አንዱ ጥፋት ሌላውን ትክክል አያደርገውም፤ ግን የአንዱን ታሪክ ያለ ሌላው ማንበብ አይቻልም።

በባሩድ የተፈጸመ ሕይወት

በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ባለጠመንጃዎች በምጽዋ በኩል ገቡ። ከእነርሱ ጋር ዘምቶ ታሪካቸውን የጻፈው ሚጌል ደ ካስታንሆሶ እንደሚተርከው፣ በሚያዝያ 1542 በተደረገው ውጊያ ኢማሙ እግራቸውን በጥይት ቆስለው ሰዎቻቸው ከሜዳው ተሸክመው አወጧቸው። ፊት ለፊት የሚዋጋ ፈረሰኛ ሆነው የጀመሩት መሪ የተመቱት ፊቱን በማያዩት ባላጋራ ነው። ጋሻው በየትኛው እጅ እንደተያዘ ለጥይቱ ለውጥ አልነበረውም።

ኢማሙ ትምህርቱን ቶሎ ወሰዱ። ከዘቢዱ የኦቶማን ገዥ 900 ያህል ባለጠመንጃዎችና መድፎች አስመጡ፤ በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይም ፖርቱጋላውያኑን ድል አደረጉ። ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ወዲያው ግን ከተከራዩት ባለጠመንጃዎች 200 ያህሉን ብቻ አስቀርተው የቀሩትን መለሱ። የተረፉት ፖርቱጋላውያን ከወጣቱ ንጉሥ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተባብረው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ገጠሟቸው። ኢማሙ በፖርቱጋላዊ ባለጠመንጃ ጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ጦራቸውም በመሪው ሞት ተፈታ። ጦሩ በአንድ ሰው ላይ የቆመ እንደነበረ የታየው በዚያች ሰዓት ነው።

ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር አመለጡ። በወፍላም በወይና ደጋም የሆነውን አይተዋልና የባላቸውን ደም የሚመልስ ሰው ፈለጉ። በኋላ ያገቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደሉ። በማህፉዝና በገብረ እንድርያስ ግጥሚያ የጀመረው የሁለት ቤት ደም መመላለስ እንዲህ አርባ ዓመት አለፈው።

ስሙ ከባለቤቱ በኋላ

ኢማሙ ከሞቱ በኋላ ግራኝ የሚለው ስም ከእጅ ተላቅቆ ለብቻው መኖር ጀመረ። በኋለኞቹ ዜና መዋዕሎችና በአፈ ታሪክ የፈረሰ ሕንጻ፣ የተሰነጠቀ አለት፣ ወና የቀረ መንደር ሁሉ የእርሳቸው ሥራ ተባለ። በሶዶ አገር በጢያ የቆሙት የመቃብር ድንጋዮች የግራኝ ድንጋይ ይባሉ ነበር፤ ድንጋዮቹ ግን ከኢማሙ ዘመን አስቀድሞ የቆሙ ናቸው። ከ36ቱ ሐውልቶች በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው የሰይፍ ምስል መሆኑ የሕዝቡን ግምት ያስረዳል። ሰይፍ በታየበት ሁሉ ባለሰይፉ ታወሰ። አንድ የአካል ልማድ ስም ሆነ፤ ስሙ ደግሞ የዘመን ሁሉ ጥፋት መሰብሰቢያ ሆነ።

በአንጻሩ ፍቱሕ አል ሐበሻ የሚጠራቸው በማዕረጋቸው ኢማም ብሎ ነው። ማዕረጉ የሚናገረው ስለ ዓላማቸው ነው፤ ቅጽሉ የሚናገረው ስለ አካላቸው። ዛሬ ሁለቱ ስሞች የሁለት ወገን መለያ የመሰሉት አንደኛው ትርጉሙን ስላጣ ነው። ግራዝማችና ቀኛዝማች በሚሉት የጦር ማዕረጎቻችን ውስጥ ግራ ማለት የቦታ ስም እንጂ ነውር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ግራኝ የሚለውም የአያያዝ ስም ነበር።

ማጠቃለያ

የኢማም አህመድ ሕይወት ሦስት ደረጃዎችን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያሳያል። በመጀመሪያው በግራ እጁ የሚዋጋ ፈረሰኛ ባልተለመደ አቋቋሙ ስም ያወጣል። በሁለተኛው ያ ፈረሰኛ መሪ ሆኖ፣ በአንጾኪያ ሜዳ፣ አቋቋምን ዋጋ የሚያሳጣውን መሣሪያ ይጠቀማል። በሦስተኛው በዚያው ዓይነት መሣሪያ ይወድቃል። ስሙ ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ከዚህ ለታሪክ መምህራን፣ በተለይም በይፋት ቆላ ለሚያስተምሩ፣ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይመነጫል። ግራኝ የሚለውን ቃል ከክፍል ማስወጣትም ሆነ እንደ ስድብ መደጋገም አያስፈልግም። ሁለት ተማሪዎችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ ለአንዱ ጋሻ በግራ ለሌላው በቀኝ አስይዞ ምን እንደሚለወጥ ማሳየት ይበቃል። ተማሪዎቹ ከየትኛውም ቤት ይምጡ፣ ቃሉ የተወለደበትን ቅጽበት በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ተቃጠሉት ገዳማትና ስለ ፈረሱት መስጊዶች የሚነሣው ከባድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ የሚነሣው ግን በአንድ ሰው እጅ ላይ ሳይሆን በሥራው ላይ ይሆናል።